የአባቴን ሰርቪስ በቴሌቪዥን ላበላሹብን ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ እንዲሁም በእሑድ ምሽት ተከታታይ ድራማዎ ሀገር ምድሩን ለሚያስቁት ደራሲ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወንበርዎም ብዕርዎም እንደተመቹዎ ይኑሩ ዘንድ እመኛለሁ። ለሁለት ሰዎች በአንድ ደብዳቤ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሁለቱም እርስዎ መሆንዎን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ያውም ከነቤተሰቤ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እሱ ግን መውጣቱን ረስቶታል። ጠዋት ጠዋት ግራጫ ጋወኑን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ በራፍ ላይ ይቆምና የመሥሪያ ቤቱን ሰርቪስ ይጠብቃል። እኔን ልጁን እህቱ እመስለውና «እታለም» ይለኛል። «ጡረታ ወጥተሃል እኮ» ያልነው ቀን እህል አልቀመሰም። መላውን ያመጣው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁን ሲከፍት ወደ አባቴ ጠጋ ይልና «ጋሼ፣ ሰርቪሱ ተበላሽቷል፤ ዛሬ እረፍት ነው» ይለዋል። አባቴም ትምህርት እንደተዘጋለት ተማሪ ደስ ብሎት ይገባል፤ ጋወኑን ሰቅሎ ቁርሱን ይበላል። ያቺ ቃል የቤታችን መድኃኒት ነበረች።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ መልካም አቀባበልዎ። አባቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልገው፣ በእሱ ፈንታ እንድፈርም የሚፈቅድልኝን ማረጋገጫ ፍለጋ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ከእርስዎ በፊት ያየኋቸው ሠራተኞች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ነገ ተመለሺ» ሲሉኝ፣ እርስዎ ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ በሩን ዘጉልኝ፣ «እህቴ፣ አትቸኩዪ፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኩዎ። ስለ ጋወኑ፣ ስለ በራፉ፣ ስለ ልብስ ሰፊው። ሳለቅስ ሶፍት አቀበሉኝ። መሐል ላይ «ቆይ፣ ምን ነበር የሚለው?» ብለው ያቺን ቃል እንድደግምልዎ ሲጠይቁኝ፣ ልብዎን የነካችዎ መስሎኝ ደገምኩልዎ። ቤት ገብቼም ለወንድሜ «መንግሥት ቤትም ሰው አለ» አልኩት። ወንድሜ ይህችን ንግግሬን እስከ ዛሬ እየደጋገመ ያሾፍብኛል፤ ስላስገኙለት መዝናኛ እሱም ያመሰግንዎታል።

፪. ስለ ጥበብዎ። እሑድ ማታ እንደ ልማዳችን ተሰብስበን ድራማዎን ከፈትን። ግራጫ ጋወን የለበሰ፣ አንዱ ጫማው ቡኒ አንዱ ጥቁር የሆነ ሽማግሌ በራፍ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊውን ሰካራም ፀጉር አስተካካይ አድርገውት ኖሯል። «ሰርቪሱ ተበላሽቷል!» ብሎ ሲጮህ ተመልካች የሞላው የቀረጻ አዳራሽ በሳቅ ፈረሰ። ከሁላችን ቀድሞ የሳቀው አባቴ ነበር። ከዚያ ሳቁን አቆመና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጋወኑን ዞሮ አየ። «እታለም፣ ሁሉም እያወቁ ነው ሰውዬውን የሚያታልሉት?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድራማ ነው» አልኩት፤ ዓይኑን ማየት ግን አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ ድርሰቱ የማን እንደሆነ ከነአያትዎ ስም ተጽፎ ወጣ። በእኔ ማመልከቻ ላይ የሚያስቀምጡት አንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነች፣ ሙሉ ስምዎን በማወቄ ክብር ተሰምቶኛል።

፫. ስለ ዝናው። ቃሏ በሳምንቱ ሰፈሩን ሞላችው። ታክሲ ሲሞላ ረዳቱ ይላታል፤ መሥሪያ ቤት ያረፈደ ይላታል፤ በደጃችን የሚያልፍም ይላታል። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው እንደ ወትሮው ጠጋ ብሎ ሲናገር አላፊ አግዳሚው ሳቀ። አባቴ ልብስ ሰፊውን ትክ ብሎ አየውና «አንተም ትስቅብኛለህ?» አለው። ከዚያ በእግሩ ወደ ሥራው ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ፈለግነው። ልብስ ሰፊው የጀመረውን የሙሽራ ሱፍ ትቶ፣ ሱቁን ዘግቶ አብሮን ዞረ። ያገኘነው ድሮ ማተሚያ ቤቱ የነበረበት ቦታ ነው፤ አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ጥበቃው አዝኖለት ለሽያጭ ከቆሙት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀምጦታል። እግሩ ቆስሎ ካልሲው ደም ነክቶት ነበር። ሮጬ አጠገቡ ስንበረከክ እጄን ከጉልበቱ ላይ በቀስታ አነሳና «እርስዎም ሊስቁ ነው የመጡት?» አለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ አንቱ አለኝ።

፬. ስለ መልስዎ። ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ «ስም አልጠራሁም እኮ፣ እህቴ። ሕዝቡ እንዴት እንደወደደው አላየሽም?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ስም አልጠሩም። በዚህ ጥንቃቄዎ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አባቴ አሁን ጋወኑን ሲተኛም አያወልቅም። ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ፊቱን ያዞርበታል፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ሱቁን የሚከፍተው አባቴ ከበራፍ ከገባ በኋላ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት አጠገቡ እቆማለሁ። አብሬው መንገዱን አያለሁ፤ ደክሞት እስኪገባ። ዓይኑም እየደከመ ነው፤ ማረጋገጫው ገና አልተፈረመም።

በተዘጋ በር፣ በሶፍትና በለሰለሰ ቃል ለተደረገልኝ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ሳላውቅ ድርሰት ያቀበልኩዎ፣
ታማኝ ተመልካችዎ የነበርኩ ባለጉዳይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉዳዬን ወደ ምክትልዎ ስለመሩልኝ አመሰግናለሁ። እሳቸውም በሩን ዘግተው፣ ወንበር ስበው «ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ» አሉኝ። የዘፈን ግጥም ይጽፋሉ ሲባል ስለሰማሁ፣ የአባቴን ስምና ዕድሜ ብቻ ነግሬያቸው ወጣሁ። ለስምና ለዕድሜ ብቻ ዜማ ካወጡ አልቀየማቸውም።