ከወሊድ ክፍሉ በር ውጭ ስለቆምነው ስድስት ባሎች

ለከተማችን የሕዝብ ሆስፒታሎች መረብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
መቐለ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። መቼም እርስዎን የሚያህል የጤና አለቃ ታሞ ከእኛ ጋር ወረፋ ይይዛል ብዬ ስለማልሰጋ ጥያቄዬ ለወጉ ያህል ነው፤ ቢሆንም ሰላምዎ ይብዛ። ይበልጣል እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ መቐለ የሒሳብ መምህር ሆኜ የምሠራ፣ ሓድነት የምኖር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፀደይ ባለፈው ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ቀን፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ከሆስፒታሎችዎ ወደ አንዱ ገብታ ነበር፤ ይህ ደብዳቤም ስለዚያ ቀን ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ የተጻፈ ነው።

፩. ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ ስንደርስ ወንድ እንደማይገባ፣ ለአንዲት ወላድ አንዲት ሴት አስታማሚ ብቻ እንደሚፈቀድ በአክብሮት ተነገረን። የእኔም የፀደይም እናት ያሉት ደብረ ብርሃን ስለሆነ አብረውን የመጡት ጎረቤታችን ኣደይ ኣብርሀት ነበሩ። እሳቸው ፀደይን ደግፈው ገቡ፤ እኔ የልብሱን ቦርሳ በበሩ ብረት መሐል አሾልኬ አቀበልኩና ውጭ ቀረሁ። ከእኔ ጋር ስድስት ባሎች ነበርን። ክቡርነትዎ በመኪና ሲገቡ አይተውን ይሆናል፤ መንገዱን ለማስለቀቅ ጡሩምባ ነፍተውልናል።

አስታማሚ ስልክ ይዛ እንዳትገባ የወጣውን ደንብዎንም ሳላመሰግን አላልፍም። የኣደይ ኣብርሀት ስልክ በዘበኛው በኣያ ጎደፋ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና፣ ጭንቅ ይዞኝ በደወልኩ ቁጥር እዚያው አጠገቤ ይጮኻል። ኣያ ጎደፋ ደግ ሰው ናቸው፤ እያፈሩ መሳቢያውን ከፍተው ያጠፉታል። ከውስጥ ምን ተሰማ ብለን ስንጠይቃቸው ግን «ኣነ'ውን ከማኻትኩም እየ፤ እኔም እንደናንተ ነኝ፤ በሩን ጠብቅ እንጂ ወሬ አቀብል አልተባልኩም» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስለ ሚስቴ አንዲት ቃል ሳልሰማ ቆምኩ።

፪. ስለ ማስታወቂያውም ምስጋና ይገባዎታል። «በማዋለጃ ክፍል እልል ማለት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ጸጥታ የእናቶች መብት ነው» የሚለው፣ በሩ ላይ የተሰቀለው፣ ማኅተም ያረፈበትና መስታወት የለበሰው ማስታወቂያ በሕንፃው ሁሉ ከጎደለው ነገር መካከል ሙሉ ሆኖ ያየሁት ብቸኛው ነገር ነው። አብረውን ከቆሙት አንዱ፣ ሁለት ልጆቹ እዚያው የተወለዱለት ሰው እንደነገረን፣ ድሮ በሩ ላይ የቆመ አባት የሴቶቹን እልልታ ሰምቶ፣ በብዛቱ ወንድ ይሁን ሴት ለይቶ፣ አምላኩን አመስግኖ የገንፎ እህል ሊያስፈጭ ይሄድ ነበር። ክልከላውን ያወጡት፣ ልጅ ለሞተባት እናት አስበው ከሆነ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው። ነገር ግን በእልልታው ፈንታ ሌላ ነገር አላኖሩልንም። ጸጥ ሲል ደግ ይሁን ክፉ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ጸጥ ብሎ ነበር።

፫. ስለ ደም መጠየቂያው ቅጽ። እንድርያስ የሚባል የብሎኬት ሠራተኛ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቱ የሆነ ወጣት፣ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ሮሃ ብቻዋን ነው የገባችው፤ እናቷ በሕይወት የሉም፤ የእሱም እህት ሩቅ ናት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አዋላጇ ሲስተር ለተንሳኤ እየሮጠች በሩ ድረስ መጥታ ሮሃ እንደወለደች፣ ነገር ግን ደሙ አልቆም ስላላት ደም ቶሎ እንደሚያስፈልጋት ነገረችው። ሲስተር ለተንሳኤ ያን ቀን ለአሥራ አራት ወላድ ብቻዋን ነበረች፤ እሷን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። ደሙ በሌላው ሆስፒታልዎ ነበረ። የጎደለው ቅጹ ነው። አንድ ቅጽ ቀርቷል፤ እሱ ግን ለማባዣ የተቀመጠ ስለሆነ አይሞላበትም ተባለ። ስለዚህ እንድርያስ ፎቶ ኮፒ እንዲያስነሣ ተላከ። በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስከ ሓወልቲ ሮጠ። ይዞት ሲመለስ ማኅተሙን የያዙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የስብሰባውን ርዕስ በራችን ላይ ከተሰቀለው ባነር አንብበነዋል፤ «መዘግየት እናቶቻችንን አይንጠቀን» ይላል። ማኅተሙን አስመትቶ ወደ ሌላው ሆስፒታል ቢሄድ ደግሞ የበረዶ ሳጥን ሳትይዝ ደም አይሰጥህም ብለው ባዶ እጁን መለሱት። ሦስተኛውን መንገድ ሲጀምር አብሬህ ልሂድ ስለው «ሚስትህ ብትጠራህስ፣ መምህር? አንተ እዚሁ ሁን» ብሎኝ ሄደ።

፬. ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ ምስጋና አልሆን ስላለኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኣደይ ኣብርሀት ከሕንፃው ወጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር።

ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ስለሆኑ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትመጣ ሴት ምን ይዛ እንደምትመጣ ላስረዳዎ አልደፍርም። ጧት ሲገቡ ጥለቱ ወደ ታች ነበር፤ ከባጃጁ ሲወርዱ እንዳይረግጡት የሰበሰብኩላቸው እኔ ነኝ። አሁን ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ኣደይ ኣብርሀት የፀደይ አስታማሚ ናቸው፤ ስለዚህ የሞተችው ፀደይ ናት። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ሌላም ሐሳብ አልመጣልኝም። የበሩን ብረት ስጨብጥ ኣያ ጎደፋ በብረቱ መሐል እጃቸውን አሾልከው ክንዴን ያዙኝ። ኣደይ ኣብርሀት እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ከሕንፃው እስከ በሩ ሰባ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በዚያች ሰባ እርምጃ ውስጥ ሚስቴን ቀብሬ፣ ለእናቷ ደውዬ፣ ብቻዬን ወደ ቤት ገብቻለሁ።

ደርሰው ፊቴን ሲያዩ ደነገጡ። «ይበልጣል ወደይ፣ ናትካስ ደሓን እያ፤ ጓል ወሊዳ» አሉኝ። የእኔዋ ደህና ናት፣ ሴት ልጅ ወልዳለች ማለታቸው ነው። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ሌሎቹን እያዩ «ከእናንተ እንድርያስ የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጎን ለጎን ተኝተው ስለነበር ሁለቱንም ሲያስታምሙ የዋሉት እሳቸው ናቸው። ሮሃ ስትሞት አጠገቧ የሚያለቅስላት ዘመድ እንዳታጣ ብለው ነው ለማያውቋት ልጅ ነጠላቸውን የዘቀዘቁት።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። የሌላ ሰው ሚስት መሆኗን ሰምቼ እዚያው በቆምኩበት ደስ አለኝ። ይህን የምጽፍልዎ እንዲፈርዱብኝ ሳይሆን፣ በርዎ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እንዲያውቁት ነው። እንድርያስም የደሙን ሳጥን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንዳይደናቀፍ እግሩ ሥር እያየ፣ ዳገቱን ሲወጣ ታየን። አምስታችንም አይተነዋል። አንዳችንም ስሙን ልንጠራው አልቻልንም።

ደም ሳይጠየቅ እንዲሰጥ፣ ቅጽ በበቂ እንዲታተም፣ ለሲስተር ለተንሳኤ ረዳት እንዲቀጠር ልጠይቅዎ አሰብኩና ተውኩት፤ ማን ነኝና? የተማሪዎቼን የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጽፌ ያቃተኝ ሰው ነኝ። ልመናዬ አንዲት ናት። በሩ ላይ አንድ ሰው ያስቁሙልን። ወንበርም ቢሮም አያስፈልገውም፤ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ ስም ጠርቶ «ደህና ናት» ወይም «አይደለችም» የሚል ሰው ብቻ። ይህም ከበጀትዎ በላይ ከሆነ እዚያው እንቆማለን፤ ሌላ የምንሄድበት የለንም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎችዎ የተሳካ ፍጻሜ፣ ለማስታወቂያዎ የማይሰበር መስታወት እየተመኘሁ፣ የበሩን ብረት ሲጨብጥ የዋለ እጄን ለሰላምታ እዘረጋልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ይበልጣል፣ የሒሳብ መምህር
ሓድነት፣ መቐለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሮሃ ልጅ ተርፏል፤ ፀደይ ከልጃችን ጋር ታጠባዋለች። ትናንት እንድርያስ ሕፃኑን ይዞ ሲመጣ ከቢሮዎ ወደ ስልኩ የተላከ መልእክት አሳየኝ። «ክብርት እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት! በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከ1 እስከ 5 ቁጥር በመላክ ይመልሱልን» ይላል። ማርክ መስጠት ሥራዬ ስለሆነ መሰለኝ «መምህር፣ ስንት ልበላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ካልደረሰ በየሦስት ቀኑ እንደሚያስታውሱ መልእክቱ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሮሃ ራሷ እስክትመልስልዎ ድረስ እንዲታገሡን በትሕትና እጠይቃለሁ።