ልጄ በእንግሊዝኛ የምትስማማው ነገር

ሰኞ

ዛሬም «ያ፣ ያ፣ ያ» ስትል ሰማኋት። ልጄን ትዕግሥትን ነው። በሯን ዘግታ፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከአንድ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች። «ያ» ማለት አዎ ማለት መሆኑን እኔም አላጣውም። የፈረንጅ ግቢ ዘበኛ ነበርኩ። ያኛው ይናገራል፣ እሷ ትስማማለች። ደግሞ ይናገራል፣ ደግሞ ትስማማለች። ምኑን ነው እንዲህ የምትስማማው?

ጠዋት አንድ ደላላ በር አንኳኩቶ «አባት፣ ይቺ ቤት አትሸጥም?» ብሎኝ ነበር። «ማን ላከህ?» ብለው ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴ ያስቃል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ነገ «አላልኩም» ብትለኝ ቀኑን አወጣላታለሁ።

ማክሰኞ

መስኮቷ ስር ጎመን ስኮተኩት ዋልኩ። ጎመኑ ኩትኳቶ አያስፈልገውም ነበር።

አንድ ነገር ትጀምራለች፣ ትተወዋለች፣ «አይ ሚን» ብላ እንደገና ትጀምራለች። «ዌል» ትልና ዝም። «ኧም...» ትልና ዝም። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ላይ ይናገራሉ፣ ማንም ማንንም አያስጨርስም፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ። እኔ የማውቀው ፈረንጅ እንዲህ አይናገርም። «በሩን ክፈት» ካለ በሩን ክፈት ነው፤ አለቀ። ልጄ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት፤ ቋንቋው ጠፍቷት አይደለም። እውነት የሚናገር ሰው አንዱን ነገር ደጋግሞ አይጀምርም።

እራት ላይ «ከማን ጋር ነው?» አልኳት።

«ከጓደኛዬ ጋር ነው አባዬ፣ ልምምድ ነው።»

ለመስማማት ደግሞ ምን ልምምድ ያስፈልጋል?

ረቡዕ

ጓደኛዬን ደምሴን ጎፋ አግኝቼ ነገርኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ባል አግኝታ ይሆናል!» ብሎ ሳቀብኝ። «ባል ቢሆንማ ድምጿ ይለሰልስ ነበር» አልኩት። «እንግዲያው ቤትህን ጠብቅ» አለኝ። እሱ ቀልዱን ነው። ይህን ቤት እኔና ሚስቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጭቃውን በእግራችን ረግጠን ነው የሠራነው። ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው።

ማታ ትዕግሥት «ነገ ከሰዓት በጣም አስፈላጊ ንግግር አለኝ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንስልኝ እሺ?» አለች። አስፈላጊ! የቤቴን ሽያጭ ነገ ሊጨርሱት ነው።

ሐሙስ

አደረግኩት። «ያ፣ ያ» ማለት ስትጀምር ሄጄ የቆጣሪውን ማጥፊያ አወረድኩት። ዋይፋዩም ኮምፒውተሩም ድርግም። ስምምነቱም ድርግም። ደስ አለኝ። ለጥቂት ጊዜ።

እየሮጠች ወጣች። «አባዬ፣ የጎረቤት መብራት አለ እኮ!» ቆጣሪው ጋ ቆሜ አገኘችኝ። እጄን አየችው። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለካ የሥራ ፈተና ነው። ለቡ ያለ ቢሮ ለውጭ አገር ሰዎች ስልክ የሚመልሱ ልጆች ይቀጥራል። ፈተናው ያልተዘጋጁበትን ወሬ ማውራት ነው። ስትለማመድ የከረመችው መካኒሳ አቦ ካለች የክፍል ጓደኛዋ ጋር ነው። ሁለት የሐበሻ ልጆች፣ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ!

«ታዲያ ምኑን ነው የምትስማሚው?»

«ምንም አልተስማማሁም! እየሰማሁ ነው ለማለት ነው። አንተ የድሮውን ስታወራ እኔ 'እሺ፣ እህ፣ ከዚያስ' እል የለ? ሁሉን አምኜልህ ነው?»

እስከ ዛሬ ያመነችኝ ይመስለኝ ነበር።

«መንተባተቡስ?»

«ሰው ሲያወራ እንዲህ ነው አባዬ። እንደ መጽሐፍ ከተናገርኩ ሸምድዳ መጣች ይሉኛል።»

በሯን ዘጋች። እራት አልበላችም።

ዓርብ

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ኮቴን ለብሼ፣ ሳልነግራት፣ በሚኒባስ ለቡ ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ የምትቀመጥ ልጅ «አባቴ፣ ማንን ፈለጉ?» አለችኝ።

«የትዕግሥት አባት ነኝ። ትናንት ንግግሩ የተቋረጠው በእሷ ጥፋት አይደለም።»

«በማን ነው?»

«በቆጣሪው። አርጅቷል።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ቆጣሪው ኮት ይለብሳል እንዴ?» አለችና ሳቀች። ባለጌ። ግን ገብታ ጠይቃ መጣች። «ነገ ጠዋት እንደገና ያናግሯታል።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው አባቴ፣ ይግቡ ቤትዎ።»

ቤት እስክገባ አላመንኳትም።

ቅዳሜ

እውነትም ደወሉ። እኔ ዱካ ይዤ ቆጣሪው ስር ተቀመጥኩ። ማንም እንዳይነካው።

«ኧም...» አለችና ዝም አለች። «በይ እንጂ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቀጠለች። ያኛው ሰውዬ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወዲያው ተደራርበው ማውራት ጀመሩ፣ ማንም ማንንም ሳያስጨርስ። እንዲህ ደስ ያለኝ ጫጫታ ሰምቼ አላውቅም።

ወጣችና «እናሳውቅሻለን አሉ» አለች። ይህን ቃል አልወደውም። ቢሮ ሁሉ ሰው ሲሸኝ የሚለው እሱን ነው። ለእሷ ግን «የማይቀጥርሽ ከሆነ ምን አባቱ ያስቀዋል?» አልኳት።

«አባዬ! እየሰማህ ነበር?»

«መብራት እየጠበቅኩ ነበር።»

ምሳ አብረን በላን። ስልኳን ትሪው አጠገብ አድርጋዋለች። በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እጃችንን ከእንጀራው እናነሳለን። እስካሁን የደወሉት የማይረቡ ሰዎች ናቸው።