በሕማማት የሳምኩት ጉልበት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1930

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ጠዋት የመንገድ ሠራተኞቹን ስም ጠራሁ፤ ሁለቱ የሉም። ጣሊያኑ አለቃ እኔ ላይ ጮኸ፣ እኔ ሠራተኞቹ ላይ ጮኽኩ። እንዲህ እየተቀባበልን ነው የምንውለው።

ለምሳ ሲለቁን ግራር ሥር ሆኜ ማቴዎስን ገለጥኩ። ዘንድሮ ሕማማት ሳይገባ ከነትርጓሜው ልዘልቀው ቆርጫለሁ። ብቻዬን ይከብዳል። የኔታ ወልደ ሰንበት ቢኖሩ... የት ይሆኑ? በቅዳሴ የጣሊያንን ንጉሥ ስም አልጠራም ብለው ከተሰወሩ ሰባት ወራቸው። ሞተዋል የሚል አለ፤ በሕይወት አሉ የሚልም አለ። ይፈልጓቸዋል። ያሳደጉት ተማሪ ደግሞ የጣሊያን ስም ጠሪ ሆኖ ይበላል። ደቀ መዝሙር ማለት እኔ!

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7

ይሁዳ ላይ ደረስኩ። ሊያስይዘው የመጣውን ሰው ጌታ ወዳጄ ይለዋል። ለምን? ልጅ ሆኜ የኔታን ጠይቄያቸው ነበር። እያሾፈበት ነው አልኩ፣ ያወቅኩ መስሎኝ። የሚጽፉበትን መቃ አስቀመጡና ጌታ አያሾፍም፣ ሌላ ፈልግ አሉኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ፈለግኩ። የለም። እኔ ብሆን ወዳጄ አልለውም። አውቆ ነው የሳመው።

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 9

ዘንባባ አሰርን። ከቅዳሴ በኋላ በዚህ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ ፍትሐት ተደረሰ። በሕማማት ለሞተ ፍትሐት ስለማይደረግ አስቀድሞ ነው የሚያዜሙለት። እኔም አብሬ አዜምኩ፤ ሐሳቤ ግን ጉሮሮዬ ላይ ነበር። የመንገዱ አቧራ ዘግቶታል። የሚሞተው ማን እንደሆነ ትዝም አላለኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ከእህቴ ከአሰገደች ጋር ተጣላሁ። ልጇን ጽጌን ጉንጯን ስትስማት ደረስኩ። በሕማማት መሳሳም የለም፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም ነው ያስያዘው፣ አልኳት። አራት ዓመቷ እኮ ነው አለች። ሕግ ዕድሜ አይጠይቅም አልኩ። አሰገደች ልጇን ከጭኗ አወረደች። ባሏ ዘምቶ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጅቷን ከእሷ ሌላ ማን ይስማት? ይህን ያሰብኩት አሁን ነው፣ ስቆጣ አይደለም።

ጽጌ ወደ እኔ ስትመጣም በእጄ መለስኳት። እስከ ፋሲካ ታገሺ አልኳት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

እንደሆነው ልጻፈው።

ገበያ ወጣሁ። ጨው ተራ ነጋዴው አብዱልሀኪም ከግመሎቹ ጋር ቆሟል። እግሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አሞሌ ይሰብራሉ። እንደ እስላም ጥምጥም አድርገዋል፤ ጺማቸው በሂና ቀልቷል። ላልፍ ስል ግራ እጃቸውን አየሁ። ጠቋሚ ጣታቸው አትታጠፍም። በዚያች ጣት ነው ፊደል የቆጠርኩት።

ምንም አላሰብኩም። ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያለቀስኩም ይመስለኛል።

ራሴን ቀስ አድርገው ገፉት። "ወዳጄ፣ ጨው ፈለግህ?" አሉኝ። የማያውቁኝ ሰው ድምፅ። ያኔ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ተነሣሁ... ምን ዋጋ አለው?

ባንዳው ብርሃኑ ከእህል ተራ ቆሞ ያየናል። አብረን ነው ያደግነው፣ ክርስቲያን ነው። ሳይቸኩል መጣ። አብዱልሀኪም ቶሎ ብሎ አጎቴ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው አለ። ብርሃኑ ዞር ብሎም አላየው።

"ካሳሁን፣ አንተ በሕማማት የማንን ጉልበት ትስማለህ? የየኔታን ካልሆነ።"

አይደሉም ማለት እንኳ አቃተኝ። ወሰዷቸው። አብዱልሀኪም ግመሎቹን ጥሎ ተከተላቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

አሰገደች ጉልባን አቀረበች። አልወርድልህ አለኝ። ሥራ ሄጄ ስም ጠራሁ... ጠራሁ!

ስቅለት፣ ሚያዝያ 14

ስሰግድ ዋልኩ። ቄሱ በወይራ ሲጠበጥቡ ተራዬ ደረሰ፤ ተናዘዝኩ። አውቀህ ነው? አሉኝ። አይደለም አባ። እንግዲያስ መቶ ስገድ አሉ። ከፊቴ የነበረው ጾም የሻረ ሰውዬም መቶ ነው የተባለው። ሰገድኩ። መቶው አለቀ። ሌላ የቀለለኝ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15

አብዱልሀኪም መጣ። ግባ ብለው ከደጃፍ አላልፍም አለ። ትናንት ወደ ጣርማ በር መውጫ ላይ ገደሏቸው። እኔ ስሰግድ። ሬሳቸውን ለምኖ የቀበራቸው እሱ ነው።

"የናንተን ዱዓ አላውቀውም" አለ። "ስማቸውን ጠራሁና ያ ረቢ፣ ባሪያህ ናቸው አልኩ። ይበቃል?"

ይበቃል አልኩት። ፍትሐታቸውን ሆሳዕና ዕለት በገዛ አፌ እንዳዜምኩ አልነገርኩትም። ሰባት ወር ደብቋቸዋል። ሚስቱ ራቢዓ ጾማቸውን እየጠበቀች፣ ረቡዕና ዓርብ ወተት ሳታስጠጋባቸው። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ ያልተሳሳቱ ሰዎች... እኔ በአንድ ትንፋሽ።

ሊሄድ ሲል ምን አሉ? አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

"ልጁን እንዳትቆጡት፣ ናፍቆት ነው አሉ።"

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋሲካ፣ ሚያዝያ 16

የስም መጥሪያውን ወረቀት ትናንት ለጣሊያኑ መልሼ ወጣሁ። ምን እንደምንበላ አላውቅም። አሰገደችም አልጠየቀችኝም።

ቤተ ክርስቲያን ሰዉ ሁሉ ይሳሳማል። ብርሃኑም ነጭ ለብሶ መጥቷል። እየሳመ እየሳመ እኔ ዘንድ ደረሰ። ዞር አልኩበት። እንደ ጻድቅ። ከእሱ በምን እሻላለሁ? እሱ አየ፤ ያሳየሁት እኔ።

ማቴዎስን ገለጥኩ። አላሾፈም የኔታ፣ ገባኝ። ከልቡ ነው ወዳጄ ያለው። ይሁዳ ያንን ሰምቶ እንዴት ቆሞ እንደሄደ ነው አሁን የማይገባኝ።

ይህን ስጽፍ ጽጌ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እየሮጠች መጣች። እስከ ፋሲካ ታገሺ ብያት የለ? ታግሳለች። ጉንጯን አቀረበችልኝ። በእጄ መለስኳት።

"ዛሬም ሕማማት ነው?" አለችኝ።

አዎ አልኳት።