ሽታው ከማን ቤት ነው

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ተሳካልን። ደንብ ማስከበሮች ዛሬ ጠዋት መጥተው ለዘሃራ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። እስከ ቅዳሜ ሽታውን ካላጠፋች የዓሣ መጥበሻ ቤቷ ይታሸጋል። ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በየቤቱ ዞሬ ያስፈረምሁም እኔ።

ዘሃራ ከእኛ ግቢ ቁልቁል፣ ሐይቁ ዳር ናት። ባሏ ሰዒድ ጀልባ ይሠራል፤ እሷ ዓሣ ትጠብሳለች። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በዚያ በኩል አፍንጫን ሳይዙ ማለፍ አይቻልም። የዓሣ አንጀት ጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ትጥላለች ብለን ደመደምን። ስትጥል ያየ ግን የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የማኅበረሰብ ፖሊሱ ሳጅን አያሌው ሰብስቦን ሲጠይቃት የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚሸተው ዝናብ ሲጥል ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እኔ እሳት አላነድም፣ አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አልፌ ተርፌ "እሱን ሕግ ይየው" አልሁ። ቢሮ ስለምሠራ ነው መሰል፣ ሕግ የሚለው ቃል አፌ ላይ ይጣፍጣል።

ፍልሰታን እየጾምሁ በሰው እንጀራ ላይ ሳቅሁ። አሁን ስጽፈው ትንሽ ቆረቆረኝ። ትንሽ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዝናብ የለም። ሽታም የለም። ሰፈሩ "ማስጠንቀቂያው ሠራ" እያለ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሴቶቹ ከበው አመሰገኑኝ። አንዷማ "አንቺ ባትኖሪ ማን ይደፍር ነበር" አለች። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ።

ባለቤቴ ዘላለም የዕድሩ ዳኛ ነው፤ የሰፈር ክስ ውስጥ ስገባ አይወድም። ዛሬ እሱም "ጎሽ" አለኝ።

ዘሃራ አልጠበሰችም። ፈርታ ይሆናል። መንገድ ላይ እንደ ወትሮዋ "እንዴት ዋልሽ ትርንጎ" አለችኝ። ከአንገት በላይ መለስሁላት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ወይ ጉዴ።

መብራት ጠፍቶ ከቢሮ በጊዜ ወጣን። ጣና ላይ የጠቆረው ደመና እኔን ተከትሎ ገባ። ቤት ስደርስ ዘላለም ጓሮ ነው፤ ቦት ጫማ አጥልቋል። ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወደ ቦዩ የሚወጣ ቱቦ አለ ለካ። የቱቦውን ውታፍ ይነቅላል። ዝናቡ ይወርዳል፣ የእኛም ጉድ አብሮ ይወርዳል። ቁልቁል፣ ወደ ዘሃራ።

ሲያየኝ አልደነገጠም። የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው። ጎርፍ ይወስደዋል አለ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ መምጠጫ መኪና እስኪመጣ ማን ይጠብቃል አለ። ቱቦውን ያስገባው አምና ነው። ጉድጓዱ ሞላ፣ አንድ ነገር አድርግ እያልሁ ስነዘንዘው ሰነበትሁና አንድ ቀን "ተስተካከለ" አለኝ። እንዴት እንደተስተካከለ አልጠየቅሁም። አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍ ግማሹ ውሸት ነው። ማወቅ አልፈለግሁም።

ዘሃራ እኮ ነግራናለች። ዝናብ ሲጥል ነው ብላ፣ በግልጽ አማርኛ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

ራት አልወረደልኝም። እሱ በላ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሰዒድ ሳጅን አያሌው ዘንድ ሄዶ፣ ቤቱ ከመታሸጉ በፊት አውጫጭኝ ይደረግልኝ አለ። ነገ ሰፈሩ በሙሉ ዋርካው ሥር ይቁም፤ ሁሉም በተራው በየሃይማኖቱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገር፤ ድሮ ከብት ሲጠፋ እንደሚደረገው። ሳጅኑ ሕጉ አይከለክልም ብሎ ተቀበለ። ሽማግሌዎቹም ደስ አላቸው።

ዘላለምን ለመንሁት። ዛሬውኑ ሄደን እንንገራቸው፣ ቱቦውን እንድፈን፣ ቅጣት ካለም እንቀጣ አልሁት። የዕድር ዳኛ ሆኜ በሽንት ቤት ስሜ ይነሳ ወይ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ድምፁ ወረደ።

"ሁለት ቃል ናት ትርንጎ። ያየሁት የለም በይና ተቀመጪ።"

ይህን ብል የዘሃራ ቤት ይታሸጋል። እውነቱን ብናገር ባሌን በአደባባይ አዋርዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ዋልሁ። እዚህ እንኳ ልዋሽ አልችልም፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ዘሃራም ዘላለምም አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያመሰገኑኝ ሴቶች ናቸው። አፈር ልብላ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰበሰብን። ሰው በተራ እየተነሳ "ያየሁትም የሰማሁትም የለም" ይላል፣ ይቀመጣል። ብዙው እግሩን እያየ ነው የሚምለው። ዘላለም ደረሰ። ጋቢውን አስተካክሎ ማርያምን ብሎ ማለ። አልተንተባተበም።

ቀጥሎ እኔ ነበርሁ። የዋርካውን ግንድ ይዤ ተነሣሁ።

"ሽታው ከእኛ ቤት ነው" አልሁ። "ዝናብ ሲመጣ ጉድጓዳችንን ወደ ቦዩ እንለቃለን። ማመልከቻውን የጻፍሁትም እኔ ነኝ።"

ዘላለም ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ። ያቺ "አንቺ ባትኖሪ" ያለችኝ ሴት ፊቷን አዞረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ማስጠንቀቂያው ከዘሃራ ተነሥቶ ወደ እኛ ዞረ። ቱቦው ሰው ባለበት ይደፈናል፣ ጉድጓዱ በመኪና ይመጠጣል፣ ቅጣትም አለው። እንዳይደገም ደግሞ ከሰፈሩ ሰው የጠባይ ዋስ ጥሩ ተባልን። ሳጅኑ ዋስ የሚሆን አለ ወይ ሲል ሁሉም ድንገት ሥራ በዛበት። በመጨረሻ ሰዒድ ነው የተናገረ። መጀመሪያ ይደፈን፣ ከዚያ እኔ እሆናለሁ አለ።

ዘሃራን ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ድረስ ወረድሁ። ታውቅ ኖሯል። ገና ሐምሌ ላይ ሰዒድ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ወጥቶ ቱቧችንን አይቶታል።

"ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?" አልኋት።

"እኔ ብናገር ማን ያምነኛል ትርንጎ?" አለችኝ። "ዝናብ ሲጥል ነው ብል እንኳ ሳቃችሁ።"



ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ዘላለም ጠዋት ሲሚንቶ አቦካ። ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም። ሰዒድ ቆሞ አየ፣ ቱቦው ተደፈነ፣ ሄዶ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ዘላለም እጁን ሲጨብጠው ቀና ብሎ አላየውም። ከላይ ካሉት ግቢዎችም የአካፋ ድምፅ ይሰማ ነበር። ምን እየሠሩ እንደሆነ የጠየቀም የተናገረም የለም።

ከሰዓት በኋላ ጣለ። ጃንጥላ ይዤ ወረድሁና ቦዩ አጠገብ ቆሜ እንደ ውሻ አሸተትሁ። ቀንሷል። ጭራሽ ግን አልጠፋም፤ የቀረው ከማን ቤት እንደሆነ እንጃ።

ዘሃራ ከበሯ አየችኝ። ልመለስ ስል ጠራችኝ። መጾሜን ታውቃለች።

"ፍልሰታ ሲፈታ ነይ። ቆሮሶ ዓሣ እጠብስልሻለሁ" አለችኝ።

እሺ አልኋት። ጾም እንዳይፈታ ስመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።