ቀትር ላይ በሩን የሚዘጋው ጌም

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ስልክ ለሚዘጋብኝ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? እንቅልፍህስ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ አሁንም ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋህ ይመሽብሃል? ስደውልልህ ይሄን ሁሉ በአንድ «ደህና ነኝ» ጠቅልለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩልህ፤ ወረቀት እንደሆነ አይዘጋም። ዓብዲ የሚባል የጎረቤቴ ባል ዕቃ ሊያመጣ በመኪናው አዲስ አበባ ሊወጣ ነው። ደብዳቤውን ከአንድ ካርቶን ጊሽጣ ጋር በእጅህ ያስረክብሃል። ጊሽጣው ቶሎ ይበላሻልና ፈጥነህ ብላው፤ ደብዳቤውን ግን ቀስ ብለህ አንብበው።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ያው የምታውቀው ሙቀት ነው። ኡሚ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው፤ ትናንት ቲማቲም ሻጩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታው ነበር። እኔም ወፍሬአለሁ፣ አምሮብኛል፤ ይሄን ሌላ ሰው እስኪነግርህ አልጠብቅም።

አንድ ነገር ላስቀድም። አንተ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራህን ለቀህ «ከእንግዲህ ጌም ነው የምሠራው» ያልክ ቀን፣ እናታችን ኡሚ «ይሄን መጫወቻ እስክትተው ድረስ በሬን እንዳታንኳኳ» ማለቷን አልረሳሁም። አንተም ቃሏን አክብረህ ይኸው ሁለት ዓመት አላንኳኳህም። ከሁለታችሁ የበለጠ ግትር ማን እንደሆነ ለመለየት ዳኛ ያስፈልጋል። ናፍቀኸኛል፣ ይሄን ደግሞ ደብቄ አላውቅም። ግን ዛሬ ሽምግልና ልቀመጥ አይደለም የተነሳሁት፤ ስለ ጌም ላወራህ ነው። ከኔ በቀር ስለ ጌም የሚያወራህ ዘመድ የለህማ።

ጌም ቤቴን ብታየው አታውቀውም። ታይዋን ገበያ ውስጥ ካሉት ጌም ቤቶች ሁሉ የኔ ይበልጣል፤ ጉራ ከመሰለህ መጥተህ እይ። ድሮ ታስታውሳለህ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የኳስ ጌም ብቻ ነበር። ተጫዋቾቹ «ጎል!» ብለው ሲያብዱ ከጎኔ ልብስ የምትሸጠው ኑርቶ፣ ይኸው የዓብዲ ሚስት፣ ደንበኞቿ የዘረጋችላቸውን ሽቲ ቀሚስ ጥለው ይወጡባት ነበር። አንድ ቀን እኔንም አንገሸገሸኝና ኢንተርኔት ላይ ሌላ ነገር መቆፈር ጀመርኩ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልሠሯቸው፣ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራቸው ትንንሽ ጌሞች የሚለጠፉበት ገጽ አለ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ ራሴን አላውቅም። አንዲት ሴት ብቻዋን የሠራችው፣ የተሰበረ ጃንጥላ እየጠገንክ የባለቤቶቹን ጉድ የምትሰማበት ጌም አለ። ሌላው ደግሞ ፍየል ሆነህ ከየግቢው የተሰጣ ልብስ የምትሰርቅበት ነው፤ ኑርቶ እሱን ስታይ የራሷ ሱቅ የተዘረፈ ይመስል ፍየሏን ትሳደባለች። ትልልቆቹ ጌሞች የሆቴል ምግብ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ማን እንደሠራቸው ግን አታውቅም። እነዚህ የቤት ናቸው፤ የሠራቸው ሰው እጅ ይታወቃል። ሐሙስ ሐሙስ ኳስ ከልክዬ እነዚህን ብቻ አጫውታለሁ። መጀመሪያ ደንበኛ ሸሸኝ፤ አሁን ሐሙስ መቀመጫ አይገኝም።

እንግዲህ ባለፈው ወር እንዲሁ ስቆፍር ነው «ጥላ» የሚባለውን ያገኘሁት። የሠሪው ስም የለበትም፣ ፎቶው የለም፤ ገና ያላለቀ የሙከራ ሥራ ነው ይላል። አንድ ሰው ነህ፣ በፌስታል ዳቦ ይዘህ ከተማውን አቋርጠህ ታደርሳለህ፣ በቃ። ግን አቦ፣ አሠራሩ! ጫማው አሸዋው ላይ የሚያሰማው ድምፅ፣ ከዛፍ ሥር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲደርስ ዓይኑን የሚያጠብበት ሁኔታ፣ ውሃ የሌለበትን ወንዝ ሲሻገር ፍየሎቹ ዘወር ብለው ሲያዩት። የአሸዋውን ቀለም ሳይ የኛው ወንዝ ደቻቱ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ከዚያ ደግሞ ደረቅ ወንዝ ያለው ድሬ ብቻ ነው እንዴ ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

ችግሩ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቀትር ሲሆን ሙዚቃው ይቆማል፣ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሰውየው ዳቦውን እንደያዘ ብቻውን ይቀራል። የትኛውንም በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። ከየአገሩ የተሰበሰበ ተጫዋች ከገጹ ሥር ያላወረደው ስድብ የለም፤ ስታክ አድርጓል፣ ተበላሽቷል፣ ሳይሞክሩት ነው የለቀቁት ብለዋል። ሠሪው ለአንዱም አልመለሰም። ብቻ ከሰነበተ በኋላ አጭር ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሰው ካልገባው መቀጠሉ ትርጉም የለውም፣ በሚመጣው ወር መጨረሻ ጌሙን አጠፋዋለሁ ይላል። ደሜ ፈላ! ይሄን የመሰለ ሥራ ለማያውቅ ሰው ወሬ ብሎ ሊያጠፋ? እንዲህ ዓይነት ቶሎ የሚከፋው ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱም ወንድሜ ነው።

አሁን እንዴት እንደገባኝ ስማ። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ጌሙ ውስጥ ቀትር ሲደርስ በውጭም ቀትር ሆኖ ኑርቶ መዝጊያዋን እየጎተተች ነበር። ድሬ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትሆን ለአንተ አልነግርህም፤ ፀሐዩ እስኪበርድ ሰው ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል፣ የተኛን ሰው በር ማንኳኳት ደግሞ ነውር ነው። በሮቹን ላንኳኳ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ዘግቼው ልሄድ አልኩ፤ ግን ሰውየውን አናት የሚበሳ ፀሐይ ላይ ገትሬው መሄድ አንጀቴ አልቻለም። እንደ ምንም አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አጠገብ ካለ ግድግዳ ጥላ ሥር ወሰድኩና ቁጭ አደረግኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ሱቄን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ፤ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስመለስ በሩ ተከፍቷል። አንዲት ሴትዮ በጣሳ ውሃ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከላይዋ በአማርኛ «ልጄ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ግባ» የሚል ተጽፏል። ጌሙ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ይሄ ብቻ ነው። ከመጮኼ ብዛት ኑርቶ ሌባ የገባብኝ መስሏት የጨርቅ መለኪያ ሜትሯን ይዛ መጣች። ለካ ጌሙ ምንም አልሆነም! አጨዋወቱ ይሄ ነው፤ ቀትር ላይ ምንም አትነካም፣ አታንኳኳም፣ ጥላ ፈልገህ አርፈህ ትቀመጣለህ፣ ሰው ራሱ አይቶህ ይከፍትልሃል። ይሄን ድሬ ያላደገ ሰው አያስበውም፤ ድሬ ላላደገ ሰው እንደማይታየው ደግሞ ድሬ ያደገ ሰው አያስብም። ሠሪው የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ ዓለም ሁሉ ቀትር ላይ የሚተኛ መሰለው።

በሩን በደንብ አየሁት። ከታች በኩል ጎድጉዷል። የኛም በር ላይ አንተ በሳይክል የገጨኸው አለ አይደል? ልክ እንደሱ። መቼም በዚህ ከተማ በር የገጨ ልጅ ብዙ ነው። ችግሩ ከበሩ ወዲያ ነው፤ ሰውየው እግሩን ሲያነሳ ሁሉ ነገር ይጠቁርና «ከዚህ ወዲያ ገና አልተሠራም» ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ይሄን ጌም ማስተዋወቅ ሆኗል። ከገጹ ሥር በዚያ በምታውቀው እንግሊዝኛዬ፣ ጌሙ አልተበላሸም፣ ዕረፍት የማታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ጥላ ውስጥ ቁጭ በሉ ብዬ ጻፍኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ አንዱ ሞከረ፣ ሌላውም ሞከረ። ከሩቅ አገር አንዲት ሴት፣ የአያቷ መንደር እንደዚሁ ቀትር ላይ ይዘጋ እንደነበር፣ ሴትዮዋ ስትወጣ እንዳለቀሰች ጻፈች። ቴሌግራም ላይም ለቀቅኩት፤ የድሬ ልጆች ከያሉበት «ይሄማ የኛ ሰፈር ነው» እያሉ ተንጫጩ። እዚህ ታይዋን ያልተጫወተው የለም። ሙመድ ብቻ፣ ያ ባጃጅ ነጂው ጓደኛህ፣ አቃተው። ቀትር ላይ ሥራ አቁሞ ስለማያውቅ ቁጭ ማለት አልቻለም፤ አንድ በር አንኳኩቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ደግሞም ይናደዳል። በመጨረሻ ጆይስቲኩን ቀምቼ ደብቄበት ነው በሩ የተከፈተለት። አሁን ተሳፋሪውን ሁሉ ይሰብካል።

እንግዲህ ኡሚ ጋ ደረስኩ። ሥራ ሲበዛብኝ ምሳዬን ስታመጣልኝ ከበሩ አልፋ እንደማትገባ ታውቃለህ፤ ጌም ቤቱን ገና አልታረቀችውም። ባለፈው ሐሙስ ግን ኑርቶ፣ ምንም የማታውቀው ኑርቶ፣ ጉልበትሽን አሳርፊ ብላ እጇን ይዛ አስገባቻት። ሰዉ ሁሉ ትልቁን ቴሌቪዥን እያየ ዝም ብሏል፤ ሰውየው ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። ኡሚ ምን ሆናችሁ ነው፣ ለምን ዝም አላችሁ አለች። በሩ እስኪከፈት እየጠበቅን ነው አልኳት። ከዚያ ተከፈተ።

ኡሚ ተነስታ ተጠጋች። በሻሿ ጫፍ የቴሌቪዥኑን አቧራ ጠረገች። በሩን አየች፣ ጎድጓዳውን አየች፣ ሴትዮዋን ደግሞ በጣም ቆይታ አየቻት። ማን ነው የሠራው አለችኝ። ስሙ አልተጻፈም አልኳት። ውስጡስ አለችኝ። ነካሁት፣ ጠቆረ፣ ጽሑፉን አነበብኩላት። ለምን አልሠራውም አለች። እኔ እንጃ፣ ውስጡ አሁን ምን እንደሚመስል አያውቅ ይሆናል አልኳት። የምሳ ዕቃዋን ረስታ ወጣች። ተከትያት ልወጣ ስል ኑርቶ ያዘችኝ፤ ለካ ኡሚ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ እያለቀሰች ነበር። አባታችንን ከቀበርን ወዲህ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ለዚያ ለሠሪው የሚነገር አለኝ አለች። መጀመሪያ፣ ሴትዮዋን አክስቷታል፣ እንዲህ ቅጠል የመሰለች ሴት እንዴት ልጅ ታሳድጋለች፣ ይጨምርባት። ሁለተኛ፣ ውሃ በጣሳ ብቻ አይሰጥም፣ ምሳ የበላ መሆኑ ይጠየቃል። ውስጡን በተመለከተ፣ ቤቱ ቀለም ተቀብቷል፣ ሰማያዊ ነው። አልጋው እንደ ድሮው መስኮቱ ሥር ነው። ዕቃ ቤት ገብቶ የነበረው ጠረጴዛ ወጥቶ ቀዝቃዛው ጥግ ተቀምጧል፣ ማታለያ እንዳይመስለው ሶኬትም ተገጥሞለታል። ይሄን ሁሉ በወሬ መሥራት ካቃተው መጥቶ አይቶ ይሥራ አለች። ሶኬቱን እኔም አላየሁትም ነበር፤ ገብቼ ሳይ እውነት ተገጥሟል።

እኔ መቼም አርፌ አልቀመጥም፤ ያ በሬን እንዳታንኳኳ ያልሽው ቃልስ አልኳት። ያልኩትን አላጥፍም፣ እንዳያንኳኳ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ መቀርቀሪያውን ሲወረውር የኛ በር ገርበብ እንዳለ ነው። ለምን ስላት ነፋስ ይግባ ትላለች። በግንቦት ቀትር ድሬ ውስጥ የምን ነፋስ? ጓዳም መተኛት ትታለች፤ ሳሎን ፍራሽ አንጥፋ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው የምትጋደመው።

አንተ እዚያ ከኮምፒውተር ሰዎች ጋር ነው የምትውለው፣ ይሄን ሠሪ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ካገኘኸው ጌሙን እንዳያጠፋው ንገርልኝ። የሚወዱት ሰዎች እንዳሉ፣ ያለቀው ሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው በኔ ቴሌቪዥን መሆኑን፣ በዚህ እንደማልደራደር ጨምረህ ንገርልኝ። ዓብዲ ማክሰኞ ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነው ብሎኛል፣ ለሠሪው ይሆናል።

ከመጣ ቀትር ላይ ይድረስ። አያንኳኳ። ግድግዳው ጥላ ሥር ቁጭ ይበል።

አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ ዓይንህን ከማንበብ እጅህንም ከመሥራት አያድክምብህ፣ መንገዱን ሁሉ ጥላ ያድርግልህ። አሚን።

የምትወድህ፣ ስልክ የማትዘጋብህ፣
እህትህ