የተውሶ ቆብ

ለወንድሜ ለአድማሴ ይሄነው፣ አቃቂ

ዓይኔ አልጠፋም። ይህን ደብዳቤ መስኮት ሥር ተቀምጬ በገዛ እጄ እየጻፍኩት ነው። አእምሮዬም አልሳተም። «እህቴ አርጅታለች፣ ሁሉን ረስታለች፣ እሷን መጠየቅ ማድከም ነው» ብለህ ለእድርህ ሰዎች የተናገርከውን ያሲን ቃል በቃል አድርሶልኛል። ይህ የጎረቤቴ የራሕማ ልጅ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር አንተ ቤት እንደሚያድር፣ የሰማውንም ከእኔ እንደማይደብቅ ማሰብ ነበረብህ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? የባለቤትህ የአሰጋሽ ደም ግፊትስ በረደላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የመካነ ሰላም ብርድ ጸንቷል፤ ገብሱ ግን አምሮበታል። ነገሩን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ሆኖም ወሬው ሲመርህ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለህ መዝጋት ትወዳለህ። ወረቀት አይዘጋም።

እድራችሁ ሥልሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለኅዳር ሚካኤል የሚያሳትመውን የአቃቂንና የባቡር ጣቢያውን ታሪክ ረቂቅ ያሲን አምጥቶልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሰፈሩ የጻፍከው ደህና ነው። ባቡሩ ከዱከም ሲመጣ ፉጨቱ ከሩቅ እንደሚሰማ፣ በሐዲዱ ዳር መጀመሪያ የሠራተኛው ቤት፣ ኋላ ፋብሪካው፣ ከዚያ ገበያው እንደተከተለ በወጉ አስቀምጠሃል። የዛሬ ልጆች ባቡር ሲባል በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ብቻ ነው የሚያውቁትና፣ መጻፉ ያስመሰግንሃል። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ገጽ ዘጠኝ ላይ «አባታችን አቶ ይሄነው የጣቢያው ሹም ነበሩ» ብለሃል። ማስረጃህ ባለ ወርቅ ክር ቆብ አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። ያ ቆብ የሹሙ የአቶ ብዙአየሁ ነው፣ አድማሴ። አንተ ገና እናታችን ጀርባ ላይ ነበርክ፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የፋሲካ ማግስት ፎቶ አንሺ ሲመጣ ሠራተኛው በሙሉ በዚያው ቆብ ተራ በተራ ተነሣ። አቶ ብዙአየሁ በሩ ላይ ቆመው «እናንተ፣ ሹመቴን በላብ እንዳታበሰብሱብኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ለአባባ ሰፍቷቸው ጆሯቸው ላይ ቢወርድ ጋዜጣ አጣጥፌ ከውስጥ የጠቀጠቅኩላቸው እኔ ነኝ። ያ ፎቶ በየሠራተኛው ቤት ተሰቅሎ ነበር። ልጁ ሁሉ እንዳንተ ቢጽፍ አቃቂ ሃያ ሹም ሊወጣላት ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም ሲባል አልሰማህም?

አባባ ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ። ባቡሩን ወደ መስመሩ የሚያስገባው ብረት ከመሳቡ በፊት ተንበርክከው፣ ጠጠር እንዳይኖር ሐዲዱን በባዶ እጃቸው ይዳብሱ ነበር። «መጥረጊያ ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም» ይሉ ነበር። አንድ ክረምት፣ ጠጠር ሲያወጡ ረዳታቸው ቸኩሎ ብረቱን ሳበውና ሁለት ጣታቸው እዚያው ቀረ። ባቡሩ በደህና ገባ። መንገደኛው ዕቃውን ተሸክሞ ወደየቤቱ ሄደ፤ ማን እንዳሳለፈው ያወቀ የለም። አንተ ደግሞ ጣቶቹን ወስደህ «በአርበኝነት ዘመን» አስቆረጥካቸው። የሞተ ሰው ጣት ስንት ጊዜ ይቆረጣል?

ለምን እንደዋሸህ አውቃለሁ። የሐዲድ ቀያሪ ልጅ መባል አሳፍሮሃል። እኔን እዚህ አገር ድረስ አስተማሪ አድርጎ ያደረሰኝ ግን፣ በየመስከረሙ ደብተሬን የሚለብጠው ያ ስምንት ጣት ነው።

ፎቶው ይውጣ አልልህም። ከሥሩ ግን «ቆቡ የተውሶ ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ የአባባ ሥራም በስሙ ይጠራ። ከታተመ በኋላ የሚያርመው የለም፤ እኔም ለሌላ ሥልሳ ዓመት አልቆይም።

ለአሰጋሽ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እሷ ከዚህ ነገር ነፃ ናት። ልጅህን የኔአለምን ሳምልኝ፤ አያቷን በእውነተኛ ሥራቸው ትወቃቸው። ራሕማም ሰላም ብላሃለች፤ ልብ እንዲሰጥህ ዱአ አድርጋልሃለች።

ነገ ማለዳ መጀመሪያ አባባ ደረታቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን የናስ የሥራ ቁጥር ከሣጥን አውጥቼ በአመድ እወለውለዋለሁ። ቀጥሎ ዶሮዎቼን ለራሕማ አደራ እሰጣለሁ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ለያሲን በመስጠት ፈንታ ጉያዬ ከትቼ፣ ደሴ በሚሄደው አውቶብስ ከጎኑ እቀመጣለሁ። አቃቂ ስንደርስ፣ አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ የትምወርቅ ይሄነው
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.