ቆጮውን ለምን እንደመለስኩት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤ ሺሺንዳ ከተማ

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ጋሽ አምባውስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ፤ አንቺን ያስቆጣሽም ይኸው ነው። ስደውል ስልክ ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁብሽ።

ለመስቀል ያቀረብሽልኝን ቆጮ ስመልስ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ «ቦንጋ ቢሮ ገባችና የእናቷን ምግብ ናቀች» አልሽ። ጉርሻሽን በእጄ መግፋቴን አልክድም። ግን አልናቅኩም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ወዲህ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ማር ትቻለሁ። የምበላው ጎመን በቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋና አቮካዶ ነው። ነገሩን ያመጣችው የቢሮ ጓደኛዬ በዛወርቅ ናት። «አዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚከሳው በዚህ ነው» ብላ አብረን ጀመርን፤ እሷ ሳምንት ሳይሞላት እንጀራዋን ናፍቃ ተወችው፣ እኔ ቀጠልኩ።

«ይገልሻል» ብለሽኛል። እንግዲያው ክፉውንም ደጉንም ከራሴ ስሚው። መጀመሪያ ራሴን እየፈለጠኝ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ሆዴ ደረቀ። አፌም ይሸት ነበር፤ በዛወርቅ ሳታፍር ነግራኛለች። ጾም ሲገባ ቅቤውም እንቁላሉም ይቀርና ከጎመንና ከአቮካዶ ጋር ተፋጥጬ እቀራለሁ። የባሰውንም አልደብቅሽም፦ የስኳር መድኃኒቱን እንደ ድሮው እየዋጥኩ ምግቡን ስለቀነስኩ፣ ስኳሬ ወርዶ ባጃጅ ውስጥ ራሴን ሳትኩ። ሹፌሩ ነው ሆስፒታል ያደረሰኝ።

ሐኪሙ ጮኸብኝ። «ማንን አማክረሽ ጀመርሽ? ለአንዱ የተስማማ ለሌላው አይስማማም፤ ዓመታት ሲቆይ ምን እንደሚያመጣም ገና አልተጣራም» አለኝ። ተዪው ሲለኝ እንቢ አልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ መድኃኒቱን ቀነሰልኝ፤ ሥጋና ቅቤውን እንዳላበዛ፣ ምስርና ባቄላ ጥቂት እንድጨምር፣ እየተመላለስኩ እንድለካ አዘዘኝ። በዚህ ተስማማን።

ደጉስ? ከምሳ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ መተኛት ቀርቷል። የገበያውን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ። ስኳሬ ወደ ልኩ ወርዶ ሐኪሙ ራሱ ውጤቱን ደጋግሞ አየው። ስለዚህ ሺሺንዳ በሙሉ ቢያማኝ ወደኋላ አልልም። አባታችን ዓይኑ ሲጠፋ «እርጅና ነው» እያልን ማር በጥብጠን ያጠጣነው ይበቃል። እኔ ገና ብዙ ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ። ያን ዕለት ስትሰድቢኝ ዝም ያልኩት ፈርቼሽ አይደለም፤ እያየሁሽ ነበር። ተናግረሽ ሳትጨርሺ አንድ ጣሳ ውኃ ጨለጥሽ፣ ደግመሽ አስቀዳሽ፣ ወዲያው ተነስተሽ ወደ ጓሮ ሄድሽ፣ ተመልሰሽ ደግሞ ጠጣሽ። የእግርሽን ጣት በጨርቅ ጠቅልለሽዋል። ለጎረቤትሽ «ጫማ ነው የላጠኝ፣ ከግንቦት ጀምሮ አልድን ብሎኝ» ስትዪ ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ነዪ። ቁርስ ሳትበዪ ነዪ፤ ስኳር የሚለካው በባዶ ሆድ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ባትመጪ እኔው መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ያኔ ጎረቤት ሰብስበሽ እንደፈለግሽ ስደቢኝ። ቆጮ አትብዪ አልልሽም፣ በሱ ከሐኪሙ ጋር ተጣዪ። እኔና አንቺ እስክንታረቅ ግን አትጠብቂ። ተቆጥተሽም ቢሆን ነዪ።

ቤትሽን ፈጣሪ ይባርከው። ልጆችሽን ለመዳር ያብቃሽ፤ በእግርሽ ቆመሽ የምትጨፍሪበትን ቀን ያሳየኝ።

የማትታዘዝሽ ታናሽ እህትሽ
ቦንጋ